የማስታወቂያው ተራራ የት ነው ያለው?

ነሐሴ ሲጋመስ የቴሌቪዥን መስኮት በአደይ አበባ መሞላት ይጀምራል። የባንኩ፣ የታሸገ ውሃው፣ የዘይቱና የሳሙናው ማስታወቂያ ሁሉ ቢጫ ሜዳ ላይ ይሠራል፤ ከበስተጀርባውም ጥርት ያለ ሰማይ፣ አረንጓዴ ተራራና የሚያብረቀርቅ ወንዝ ይታያል። ደሴ ተቀምጦ ይህን የሚመለከት ሰው ግን ፊቱን ወደ ደጅ ቢያዞር የሚያየው ሌላ ነው፤ የቶሳ ተራራ ከወገቡ በላይ በጉም ተውጧል፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ አደይ አበባም ገና አልፈነዳችም። ባለፈው ክረምት አንድ ቡና ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ሲተላለፍ ከጎኔ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ስለ ተራራው ሲከራከሩ ሰማሁ። አንዱ «አምባሰል ነው» አለ። ሌላው «የለም፣ ላስታ ነው፤ በእግሬ ሄጄበታለሁ» ብሎ ድርቅ አለ። ሥራውን ከሠሩት ልጆች አንዱ ወዳጄ ስለሆነ ሁለቱም እንደተሳሳቱ ገባኝ፤ ወይም አንደኛው በግማሽ ልክ ነበር፣ ወደ እሱ ኋላ እመለሳለሁ።

በኮምፒውተር የተሠራ መልክዓ ምድር ማለት ካሜራ ፊት ኖሮ የማያውቅ፣ ቅርጹም ቀለሙም ብርሃኑም በቁጥር ተሰልቶ የወጣ ምድር ማለት ነው። ብዙ ሰው አሠራሩን ከሁለት በአንዱ መንገድ ይገምታል፤ ወይ አንድ ሠዓሊ በኮምፒውተር ላይ ቁጭ ብሎ እያንዳንዱን ድንጋይ የሣለው ይመስለዋል፣ ወይ ደግሞ አንድ ቁልፍ ተጭኖ የመጣ ይመስለዋል። እውነተኛው አሠራር ለሁለቱም አይቀርብም፤ ይልቁንም እርሻ ይመስላል። ባለሙያው መሬቱን ያዘጋጃል፣ ሕጉን ይደነግጋል፣ ከዚያም ያ ሕግ በራሱ ያበቀለውን እያየ ይነቅላል፣ ያርማል።

ሄዶ መቅረጽ አይቀልም ነበር?

አንዳንድ ጊዜ ይቀላል፤ በዓሉ ሲሆን ግን የወቅቱ ነገር እንቅፋት ይሆናል። ለመስከረም 1 የሚተላለፍ ማስታወቂያ በነሐሴ ተጠናቅቆ መቅረብ ስላለበት ቀረጻው በሐምሌ ይሆናል ማለት ነው፤ በሐምሌ ደግሞ የወሎ ደጋ ዝናብና ጉም እንጂ አበባ የለውም። ዓምና መስከረም ላይ ተቀርጾ የተቀመጠ ምስል ቢኖር እንኳ የዘንድሮው ማስታወቂያ የሚፈልገውን የካሜራ እንቅስቃሴ አይሰጥም። ከላይ ለመቅረጽ ድሮን ቢታሰብ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ነፋሱም አለ። ስለዚህ ተዋናይቱ አረንጓዴ መጋረጃ ፊት ቆማ ትቀረጻለች፤ መጋረጃው በኋላ በኮምፒውተር ይወገድና በምትኩ የተሰላው ምድር ይገባል።

አረንጓዴ የሚመረጠው ከሰው የቆዳ ቀለም ስለሚርቅና ዲጂታል ካሜራዎች አረንጓዴን ከሌሎቹ ቀለማት በተሻለ ስለሚለዩት ነው። ባለ አረንጓዴ ጥለት ቀሚስ የለበሰች ተዋናይት ስትመጣ ምን እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም፤ ጥለቱም አብሮ ይጠፋና በቀሚሱ ጠርዝ ተራራው ይታያል።

ኮምፒውተር ተራራን በምን ያውቀዋል?

በከፍታ ቁጥሮች ነው። አንድ ሰፊ ማሳ ላይ በየ30 ሜትሩ ካስማ ተተክሎ በእያንዳንዱ ካስማ ላይ የቦታው ከፍታ ተጽፏል ብለን እናስብ። ካስማዎቹን ከነቁጥራቸው ብቻ ይዞ የሄደ ሰው ማሳውን ሳያይ ዳገቱንና ቁልቁለቱን መልሶ ሊሠራው ይችላል። ባለሙያዎች ይህን የቁጥሮች ሰንጠረዥ «የከፍታ ካርታ» ይሉታል። በስክሪን ላይ ሲታይ ጥቁርና ነጭ ምስል ነው፤ ከፍ ያለው ቦታ ይነጣል፣ ዝቅ ያለው ይጠቁራል።

የእውነተኛው ምድር የከፍታ ካርታ ለማንም ክፍት ነው። በየካቲት 2000 እ.ኤ.አ. «ኢንዴቨር» የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር 60 ሜትር በሚረዝም ምሰሶ ጫፍ ላይ ሁለተኛ የራዳር አንቴና ዘርግታ በ11 ቀናት ውስጥ ከምድር የብስ 80 በመቶ ያህሉን ለካች። ሁለቱ አንቴናዎች የሠሩት የሰው ሁለት ዓይን የሚሠራውን ሥራ ነው፤ አንዱን ነገር ከሁለት ቦታ አይቶ ርቀቱን ማወቅ። መረጃው በኬክሮስና በኬንትሮስ አንድ ዲግሪ በአንድ ዲግሪ እየተቆረጠ በፋይል ይሰጣል። ከኮምቦልቻ በስተደቡብ ጀምሮ ደሴን፣ ሐይቅን፣ አምባሰልን፣ መርሳንና ወልድያን አልፎ የሚሄደው ምድር በአንድ ፋይል ውስጥ ይጠቃለላል፤ በቁመት 3,601፣ በአግድም 3,601፣ በጠቅላላው 13 ሚሊዮን የሚጠጉ ነጥቦች አሉት። መጠኑ 26 ሜጋ ባይት ያህል ነው። ያ ሁሉ ገደልና ሸለቆ የአምስት ስድስት መንዙማ ቅጂ ያህል ቦታ ቢይዝ ነው።

ችግሩ ያለው በነጥቦቹ መካከል ባለው የ30 ሜትር ክፍተት ላይ ነው። ቀጥ ብሎ የሚወርድ ገደል በሁለት ካስማዎች መካከል ሲወድቅ ኮምፒውተሩ ሁለቱን ቁጥሮች በቀጥታ መስመር ያገናኛቸዋል፤ ገደሉም ዳገት ይሆናል። አዝዋ ገደልን ከታች ቆሞ ያየ ሰው በዚህ ካርታ ላይ ቢያገኘው አያውቀውም፤ ጠርዙ እንደ ሳሙና ተሟሟቶ ይጠብቀዋል። ከሩቅ ለሚታይ ሸንተረር ግን ካርታው ከበቂ በላይ ነው።

ሌላም ወጥመድ አለ። የከፍታ ካርታው ተራ ምስል ሆኖ ከተቀመጠ ከጥቁር እስከ ነጭ 256 ደረጃዎች ብቻ ይኖሩታል። በዝቅተኛውና በከፍተኛው ቦታ መካከል 2,560 ሜትር ቢኖር እያንዳንዱ ደረጃ 10 ሜትር ይሆናልና ተራራው በሙሉ ደረጃ ደረጃ ሆኖ ይወጣል። ትክክለኛው አቀማመጥ 65,536 ደረጃዎች ያሉት ነው። ይህን ስህተት የሠራ ወዳጄ ሥራውን ለአንድ ደንበኛ ሲያሳይ ደንበኛው ደስ ብሎት «እርከኑን ሳትረሳ መሥራትህ!» ብሎ አመሰገነው። እርከን በሚሠራበት አገር ስህተቱ እንኳ ዘመድ አያጣም።

የሌለ ተራራስ እንዴት ይፈጠራል?

ማስታወቂያ ሁልጊዜ እውነተኛ ቦታ አይፈልግም፤ ዳይሬክተሩ «ወንዙ ከግራ ይምጣ፣ ተራራው ከምርቱ ጀርባ ይሁን» ሊል ይችላል። ያን ጊዜ ተራራው ከሒሳብ ይወለዳል። የሐሳቡ ሥር ቤኖይት ማንደልብሮት የተባለው የሒሳብ ሊቅ በ1975 እ.ኤ.አ. «ፍራክታል» ብሎ የሰየመው ነገር ነው፤ ክፍሉ ሙሉውን የሚመስል ቅርጽ ማለት ነው። ከተራራ ላይ አንድ ቋጥኝ አንስተን በቅርብ ብናየው ራሱ ትንሽ ተራራ ይመስላል፤ ከቋጥኙ የተፈለጠ ጠጠርም እንዲሁ። በ1980 እ.ኤ.አ. በቦይንግ ይሠራ የነበረው ሎረን ካርፐንተር ይህን ሐሳብ ይዞ በተራሮች ላይ የሚበር የሁለት ደቂቃ ምስል ሠርቶ በኮምፒውተር ምስል ባለሙያዎች ጉባኤ ላይ አሳየ፤ ሙያው ከዚያ ወዲህ ወደ ኋላ አልተመለሰም። ብዙም ሳይቆይ ኬን ፐርሊን እስከ ዛሬ የሚሠራበትን «ኖይዝ» የተባለውን ስሌት ፈጠረ፤ ለዚህም በ1997 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካ የፊልም አካዳሚ የቴክኒክ ሽልማት ተቀብሏል።

ኖይዝ በስሙ ጫጫታ ይሁን እንጂ ሥርዓት ያለው ነገር ነው፤ ያልተጠበቀ፣ ግን ድንገት የማይዘል፣ እንደ ማዕበል ከፍ ዝቅ የሚል የቁጥር ፍሰት ነው። የመንዙማ ድቤ እዚህ ላይ ይረዳናል። ትልቁ ድቤ በዝግታና በኃይል ይመታል፤ በላዩ እጥፍ የሚፈጥን፣ ግን ድምፁ ዝቅ ያለ ምት ይገባል፤ በዚያም ላይ ከሱ የፈጠነና የለሰለሰ ጭብጨባ። የተራራው ኖይዝም እንዲሁ ይደረባል። የመጀመሪያው ሞገድ ሰፊና ረጅም ነው፣ ተራራውንና ሸለቆውን ይሰጣል። ሁለተኛው በስፋቱም በቁመቱም ግማሽ ነው፣ ጉብታውን ይሰጣል። ሦስተኛው የግማሽ ግማሽ ነው፤ እንዲህ እያለ እስከ ድንጋዩ ሻካራ ፊት ይወርዳል። ስምንት ወይም አሥር ድርብ ሲሆን ዓይን «ይህ ተራራ ነው» ብሎ ይቀበላል።

ውሃው በየት ይወርዳል?

ዓይን ቢቀበለውም ያደገበት ሰው ላይቀበለው ይችላል። ያ ወዳጄ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ሲሠራ አጎቱ ከተሁለደሬ ለሰኞ ገበያ መጥተው ጎራ አሉ። ሻይ እየጠጡ ስክሪኑን ትክ ብለው አዩና «ይህ ሸለቆ ጎርፉን ወዴት ነው የሚሰደው?» አሉ። ልጁ ፈገግ ብሎ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ በኮምፒውተር የተሠራ ነው» ሲላቸው «ቢሠራስ፤ ዝናብ አይዘንብበትም?» አሉት።

ሽማግሌው የጠየቁት ጥያቄ ሙያው ራሱ የተጠየቀው ነው። ኖይዝ ብቻውን የሚሠራው ተራራ ዝናብ አይቶ አያውቅም፤ ሸለቆዎቹ ተዘግተው ጎድጓዳ ሳህን ይሆናሉ፣ ገባሮቹ ወደ ወንዝ አይገናኙም፣ ከላይና ከታች ያለው ሻካራነት አንድ ዓይነት ነው። እውነተኛ ምድር ላይ ግን አናቱ ይሾላል፣ ጎኑ ይቦረቦራል፣ ታቹ በደለል ይለሰልሳል። ስለዚህ ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ማስግሬቭ፣ ኮልብና ሜስ የተባሉ ተመራማሪዎች ዘዴውን ካሳተሙ ወዲህ፣ በኮምፒውተር የተሠራ ተራራ የአፈር መሸርሸር እንዲደርስበት ይደረጋል።

መሸርሸሩ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የናዳ ነው። አውድማ ላይ ማሽላ ሲፈስ ክምሩ ከተወሰነ በላይ አይቀናም፤ ሲጨመርበት በጎኑ ይንሸራተታል። የላላ ድንጋይና አፈርም ከ30 እስከ 40 ዲግሪ ባለው ዘንበላ ላይ ይረጋል። ፕሮግራሙ በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ያለውን ዘንበላ እየለካ ከመጠን የቀናውን ወደ ታች ጎረቤቱ ያንሸራትታል፤ በገደሉ ሥር የምናየው የፍርስራሽ ክምር የሚወለደው በዚህ ነው። ሁለተኛው የውሃ ነው። ፕሮግራሙ በዘፈቀደ በተመረጠ ቦታ አንድ የዝናብ ጠብታ ይጥላል። ጠብታው ወደሚዘቀዝቅበት ይሄዳል፤ ሲፈጥን አፈር ያነሣል፣ ሲዘገይ ያነሣውን ይጥላል። ይህ በመቶ ሺዎች፣ አንዳንዴም በሚሊዮኖች ጠብታዎች ሲደጋገም ቦረቦሩ ይቆፈራል፣ ቦረቦሮቹ ተገናኝተው ወንዝ ይሆናሉ፣ ወንዙ ሜዳ ሲደርስ ደለሉን ያራግፋል። እውነተኛው ምድር በሺህ ዓመታት የሚያየውን ኮምፒውተሩ በደቂቃዎች ያሳልፈዋል።

እዚህ ላይ ግን ወሎ የራሷን ጥያቄ ታነሣለች። ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ሲከፈቱ የሚሰጡት ተራራ በበረዶ የተሞረደ፣ አናቱ እንደ ጦር የሾለ የአውሮፓ ተራራ ነው። የኛ ምድር እንዲህ አልተሠራም። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ስንጥቅ የወጣ ቀልጦ የፈሰሰ ድንጋይ አንዱ ባንዱ ላይ እየተነጠፈ ከፍታውን ገነባው፤ በንጣፎቹ መካከልም ለስላሳ አፈርና አመድ ቀረ። ጠንካራው ንጣፍ ገደል ሆኖ ይቆማል፣ ለስላሳው ተሸርሽሮ መደብ ይሆናል። ገደል፣ መደብ፣ ገደል፣ መደብ። ከላይ ደግሞ የመጨረሻው ንጣፍ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀርና አምባ ይባላል። የከርሰ ምድር ሊቃውንት እንዲህ ያለውን አለት «ትራፕ» የሚሉት በስዊድን ቋንቋ ደረጃ ማለት ስለሆነ ነው። በምሥራቅ በኩል ደግሞ ምድሩ በስንጥቅ እየተሰበረ በደረጃ ወደ አፋር ይወርዳል፤ የቦርከና ሸለቆ ከነዚህ ስብራቶች አንዱ ነው።

ታዲያ ባለሙያው መሸርሸሩን ከማስጀመሩ በፊት ለፕሮግራሙ «በዚህ ከፍታ ላይ ያለው ንጣፍ ጠንካራ ነው፣ ከሥሩ ያለው ለስላሳ ነው» ብሎ መንገር አለበት። ይህን ያደረገና ያላደረገ ሥራ ልዩነቱ የጎላ ነው። የሐበሻ ቀሚስ የለበሰች ተዋናይት የስዊስ ተራራ ፊት ቆማ የምትታይባቸው ማስታወቂያዎች የሚወለዱት ከዚህ ግድየለሽነት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ተመልካቹ ምክንያቱን ባይናገርም «አገሩን አይመስልም» ይላል።

ሚሊዮን አበባ ማን ይተክላል?

ማንም አይተክልም፤ ሕግ ይደነገጋል እንጂ። ባለሙያው አንዲት አደይ አበባ በጥንቃቄ ይሠራል፤ ምናልባት አምስት ስድስት ዓይነት፣ አንዷ የፈነዳች፣ አንዷ የጠወለገች። ኮምፒውተሩ እነዚህን እንደ ማኅተም ይጠቀምባቸዋል። ማኅተሙ አንድ ነው፤ በወረቀቱ ላይ የት እንደተመታ፣ ምን ያህል እንደዞረና እንደተለቀ ብቻ ይመዘገባል። በዚህም ምክንያት አንድ ሚሊዮን አበባ የአንድ ሚሊዮን አበባ ያህል የማስታወሻ ቦታ አይበላም።

የት ይመታ ለሚለው ጥያቄ መልሱን አባቶቻችን ቀድመው ሰጥተውናል። ቆላ እስከ 1,500 ሜትር፣ ወይና ደጋ እስከ 2,300፣ ደጋ እስከ 3,200፣ ከዚያ በላይ ውርጭ የሚለው አከፋፈል እንዳለ ወደ ፕሮግራሙ ሊገባ ይችላል። ግራርና ማሽላ ከታች፣ ወይራና ጤፍ ከመካከል፣ ጽድና ገብስ ከላይ፣ እንደ ጉጉፍቱ ባለ ብርዳም ከፍታ ላይ ደግሞ ሣርና አስታ፣ 4,260 ሜትር ወደሚደርሰው አቡነ ዮሴፍ ሲወጣ ጅብራ። በዚህ ላይ የዘንበላ ሕግ ይጨመራል፤ ከ45 ዲግሪ በላይ በቀና ገደል ላይ ዛፍ አይበቅልም። የእርጥበትም ሕግ አለ፤ ጠብታዎቹ በብዛት ያለፉበት ቦታ ይለመልማል። ከዚህ ሁሉ በኋላ የሰው እጅ ይቀራል። የወሎ ተራራ ያለ እርከን፣ ያለ ባሕር ዛፍ ረድፍ፣ ቤተ ክርስቲያንን ከከበበው ደንና ከመስጊድ ሚናራ ውጭ የወሎ ተራራ አይሆንም፤ ይህን የሚያውቅ ሕግ በፕሮግራሙ ውስጥ ስለሌለ በእጅ ይቀመጣል። እኔ እስካየሁት ድረስ ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚወስደውና ከሁሉም በፊት የሚዘነጋው ይሄ ክፍል ነው።

ብርሃኑና ርቀቱስ?

ምድሩ ተሠርቶ ሲያልቅ ገና ጨለማ ውስጥ ነው። ፀሐይ ይደረግለታል፤ ቦታውና ቀኑ ከተነገረው ፕሮግራሙ የፀሐይዋን አቅጣጫ ራሱ ያሰላል። ደሴ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ስለሆነች መስከረም 1 ቀን እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ ከአናት 7 ዲግሪ ያህል ብቻ ዘንበል ትላለች፤ ጥላው ከእግር ሥር ይሰበሰባል። ለአውሮፓ ሰማይ የተዘጋጀ ረጅም የእኩለ ቀን ጥላ በእኛ ተራራ ላይ ሲያርፍ ሐሰቱን ያጋልጣል። ሰዓቱም ወጥመድ ነው። አንድ ጀማሪ የንጋት ብርሃን ፈልጎ «1 ሰዓት» ብሎ ቢጽፍ ኮምፒውተሩ እኩለ ሌሊት ካለፈ አንድ ሰዓት ብሎ ይረዳዋልና ተራራው ድቅድቅ ጨለማ ይሆንበታል። ሳቄን ይቅር በሉኝ፤ ጀማሪው እኔ ነበርኩ።

ርቀትን የሚሰጠው ደግሞ አየሩ ነው። ሰማያዊ ብርሃን በአየር ውስጥ ከቀዩ ስድስት እጥፍ ገደማ ይበተናል፤ ስለዚህ በእኛና በሩቁ ሸንተረር መካከል ያለው አየር ሁሉ ሰማያዊ መጋረጃ ይሆናል። ከደሴ አፋፍ ሆኖ ወደ ቃሉ የሚመለከት ሰው የመጀመሪያውን ሸንተረር አረንጓዴ፣ ሁለተኛውን ሰማያዊ፣ ሦስተኛውን ከሰማይ ለመለየት እስኪያቅት የደበዘዘ ሆኖ ያየዋል። ይህ መጋረጃ ካልተጨመረ 20 ኪሎ ሜትር የራቀ ተራራ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ መጫወቻ ይመስላል፤ ከበዛ ደግሞ የግንቦት አቧራ ይሆናል። በ2,500 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነውና የደጋ ሰማይ ይበልጥ ይጠቁራል፤ ክረምቱ ያጠበው የመስከረም አየርም ሩቁን ያቀርባል። ይህን ሁሉ ለማስተካከል ሁለት ሦስት ቁጥሮች ብቻ ይነካሉ። የትኛው ቁጥር መቼ እንደሚነካ ለማወቅ ግን መስከረም ጧት ደጅ መውጣት ይጠይቃል።

30 ሰከንድ ስንት ቀን ይፈጃል?

የመጨረሻው ደረጃ «ሬንደሪንግ» ይባላል፤ ቁጥሩን ሁሉ ወደ ምስል መቀየር ማለት ነው። ኮምፒውተሩ ከካሜራው ዓይን ተነሥቶ በእያንዳንዷ የምስል ነጥብ በኩል ጨረር ይልካል። ጨረሩ ድንጋይ ሲመታ ይነጥራል፣ ቅጠል ሲመታ በከፊል ያልፋል፣ እንዲህ እያለ ብርሃኑ ከየት እንደመጣ ወደ ኋላ ይከታተላል። ውሃ ላይ ሲደርስ ማዕዘኑን ያያል። ሐይቅ ዳር ቆሞ እግሩ ሥር የሚመለከት ሰው ጠጠሩን የሚያየው፣ ቀና ብሎ ወደ ማዶው ሲመለከት ደግሞ የእስጢፋኖስ ገዳምን ደንና ሰማዩን በውሃው ላይ የሚያየው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ውሃ ከአናቱ ሲታይ ከብርሃኑ 2 በመቶ ያህል ብቻ ይመልሳል፣ አግድም ሲታይ አብዛኛውን ይመልሳል።

አንድ ምስል 1,920 በ1,080፣ ከ2 ሚሊዮን በላይ ነጥቦች አሉት። ለእያንዳንዱ ነጥብ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጨረሮች ይላካሉ፤ ጨረሩ ካነሰ ምስሉ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል፣ አሸዋውን በግማሽ ለመቀነስ ደግሞ ጨረሩን አራት እጥፍ ማድረግ ግድ ነው። ቴሌቪዥናችን በሰከንድ 25 ምስል ያሳያልና 30 ሰከንድ 750 ምስሎች ማለት ነው። አንዱ ምስል 20 ደቂቃ ቢወስድ ጠቅላላው 250 ሰዓት፣ ከአሥር ቀን በላይ ይሆናል። ትልልቅ ድርጅቶች በመቶዎች የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮችን አያይዘው ይሠሩታል፤ ወዳጄ ሦስት ነበሩት።

መብራት ሲጠፋስ? ልምድ ያለው ሰው 30 ሰከንዱን እንደ አንድ ቪዲዮ አያወጣም፤ ቪዲዮ በመካከል ከተቋረጠ ፋይሉ በሙሉ ሊበላሽ ይችላል። እያንዳንዱን ምስል ለየብቻው ከ1 እስከ 750 ቁጥር ሰጥቶ ያስቀምጣል። አንድ ሌሊት መብራቱ በ412ኛው ምስል ላይ ሲጠፋ ልጁ በስልኩ ብርሃን ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፈ፤ እኔ ስብሰለሰል እሱ «አብሽር» ብሎኝ ጋቢውን ተከናንቦ ተኛ። ጧት ከ412 ቀጠለ።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይህን ሁሉ አላስቀረውም?

በጽሑፍ ታዝዞ ቪዲዮ የሚያወጣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ከ2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ በሰፊው ታውቋል። ልዩነቱ ግን መሠረታዊ ነው። እስካሁን የተገለጸው አሠራር በስተጀርባው ምድር አለው፤ ዳይሬክተሩ «ካሜራውን ሦስት ሜትር ወደ ግራ» ቢል ያው ተራራ ከሌላ ማዕዘን ይታያል። አስተውሎቱ ግን ከተመለከታቸው እጅግ ብዙ ምስሎች ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ምስል ይገምታል፤ በስተጀርባው በሜትር የተለካ ተራራ አይኖርም። ስለዚህ ካሜራው ዞሮ ሲመለስ አምባው ጉብታ ሆኖ ሊጠብቀን ይችላል። «የወሎ ተራራ» ብለው ሲያዙት ምን እንደሚያመጣም የሚወሰነው ስለ ወሎ ስንት ምስል እንዳየ ነው። በተግባር ሁለቱ እየተቀላቀሉ ነው፤ ምድሩ ይሰላል፣ ደመናው ወይም ሩቁ ሰማይ በአስተውሎት ይሞላል።

ታዲያ ተመልካቹ እየተታለለ ነው?

በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ማስታወቂያ ሐሰተኛ ወይም አሳሳች እንዳይሆን ይከለክላል። መለያው እንግዲህ ምስሉ የሚናገረው ነገር ነው። ባንክ ከአበባ ሜዳ ጀርባ የሌለ ተራራ ቢያቆም ስለ ባንኩ የተነገረ ውሸት የለም፤ ተራራው እንደ መድረክ መጋረጃ ነው። የታሸገ ውሃ ሻጭ ግን «ከዚህ ምንጭ የተቀዳ» ብሎ በኮምፒውተር የተሠራ ምንጭ ቢያሳይ ምስሉ ስለ ምርቱ መስክሯል፤ ምስክርነቱም ሐሰት ነው።

የቡና ቤቱን ክርክር ለወዳጄ ስነግረው ፋይሉን ከፍቶ አሳየኝ። የፊቱ ሜዳ፣ ወንዙና የመካከሉ ጉብታ ከኖይዝ የተወለዱ ናቸው፤ የትም የሉም። የኋላውን ሸንተረር ግን ለመሥራት ጊዜ ስላልነበረው ከ26 ሜጋ ባይቷ ፋይል ቆርጦ ነው ያስቀመጠው፤ አምባሰል ነው። ካሜራው እንዲስማማለት ግን እንደ መስተዋት ግራና ቀኙን ገልብጦታል። የላስታ ዋና ዋና ከፍታዎች ደግሞ በቀጣዩ ፋይል ውስጥ ናቸው፤ እሱን አላወረደውም።